ተራራና ርግብ

በ1860 መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ከጓዛቸው ሁሉ የከበደው ሴባስቶፖል ነበር። ከከተማው አጠገብ፣ ጋፋት ላይ የተሠራው ይህ መድፍ ሰባት ሺህ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ጋይንትን አቋርጦ፣ ጨጨሆን አልፎ፣ በደብረ ዘቢጥ ወጥቶ፣ ከዚያም ገደል እየወረደና እየወጣ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ቀድሞ የተሠራ መንገድ ስላልነበረ መድፉ በሄደበት መጠን መንገዱ ይሠራ ነበር። ንጉሡም ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሡ፣ ቁጥቋጦ ይመነጥሩ ነበር።

ያ አገር ዛሬም ያው ነው። ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው ምድሩ ብዙም ሳይቆይ መነሣት ይጀምራል። ጣና ዳር 1,800 ሜትር ላይ የነበረው መሬት ደብረ ታቦር ሲደርሱ 2,700 ገደማ ይሆናል። ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ቆሞ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ይልካል። ይህ ሁሉ የከፍታ ለውጥ የሚፈጸመው አውቶቡስ በግማሽ ቀን በሚጨርሰው ርቀት ውስጥ ነው። አውሮፕላን ደግሞ በደቂቃዎች ያልፈዋል።

የአውሮፕላን አደጋ በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ወደ ተራራው ነው። ተራራማ አገር ስለሆነ ይባልና ነገሩ ይዘጋል። የአገራችንን የበረራ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲከተሉት ግን ተራራው በቀጥታ የገጨው አለ፣ በእጅ አዙር ያደረሰውም አለ። የባሰው ሁለተኛው ይመስለኛል።

ራስ ተፈሪ መኮንን አውሮፕላንን በቅርብ ያዩት በ1915 ኤደን በሄዱ ጊዜ ነው። እንግሊዞች የአየር ኃይላቸውን ትርኢት ሲያሳዩአቸው እሳቸው ማየት ብቻ አልበቃቸውም፤ ልውጣበት ብለው ጠይቀው በረሩ። ሐሳቡ ፍሬ ያፈራው ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለውን ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ አዲስ አበባ ዳር፣ ገፈርሳ ሜዳ ላይ አሳረፈ። ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለ መሬት ላይ ማረፍ በዚያ ዘመን ሞተር ቀላል ሥራ አልነበረም። ወሩም ነሐሴ ነበር፤ የክረምት ደመና መሬት ላይ የሚተኛበት ጊዜ።

የበጌምድር ሰው ይህን ማሽን ለማየት ብዙ አልጠበቀም። ያየው ግን መንገደኛ ሲያወርድ ሳይሆን ጦር ሜዳ ላይ ነው። የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባለቤት፣ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከንጉሥ ተፈሪ ጋር የነበራቸው ቅራኔ በ1922 ወደ ጦርነት ደረሰ። ጉግሣ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ምሥራቅ ተጓዙ። የመሀል አገሩን ጦር የሚመሩት የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ። ሁለቱ መጋቢት 22 ቀን ደብረ ዘቢጥ አጠገብ፣ አንቺም ሜዳ ላይ ገጠሙ። ሴባስቶፖል በተጎተተበት መስመር መሆኑ ነው። ከውጊያው በፊት የተፈሪ አውሮፕላኖች በጉግሣ ሠራዊት ላይ ወረቀት በትነው ነበር። ወረቀቱ ጉግሣን የሚከተል ከቤተ ክርስቲያን የተወገዘ ነው ይላል። በውጊያው ዕለት ደግሞ ቦምብ ጣሉ። ቦምቦቹ ትንንሽ ነበሩ። ከሰማይ የሚወርድ ግዝትና ከሰማይ የሚወርድ እሳት አንድ ላይ ሲመጡበት የማይሸበር ሠራዊት ግን የለም። ጉግሣ በዚያው ዕለት ወደቁ። ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ።

አንቺም ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ፖለቲካው ነው። ለበረራ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። እነዚያ አውሮፕላኖች ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አምባ ላይ፣ ካርታ በሌለበት፣ ሬዲዮ በሌለበት፣ ሞተር ቢጠፋ የሚያርፉበት የተዘጋጀ ሜዳ በሌለበት በረው ተመልሰዋል። ወሩ መጋቢት መሆኑ ረድቷቸዋል።

በዚያው ዘመን የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ለብቻቸው መብረር ጀመሩ። የመጀመሪያው ዝነኛ ስብራትም ብዙ አልዘገየም። ጥቅምት 1923 ለተፈሪ የዘውድ በዓል ልምምድ ሲደረግ የኒው ዮርኩ ሃርለም አብራሪ ሁበርት ጁልያን ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዷትን ጂፕሲ ሞዝ ሳይፈቀድለት አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ጋር አላተማት። እሱ ተረፈ፤ አውሮፕላኗ አልተረፈችም። ጁልያን ተንኮል ተሠርቶብኝ ነው ይል ነበር። እኔ ግን የአዲስ አበባን ስስ አየር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አደርገዋለሁ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያዎቹ የተሠራ ትንሽ ሞተር 2,400 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። የከተማው ባሕር ዛፍ ደግሞ በፍጥነት እንደሚያድግ የታወቀ ነው።

የጣሊያን ወረራ መጣ፤ የሰሜኑ ሰማይ የጠላት ሆነ። ወራሪው በየደረሰበት ሜዳ ደልድሎ ማረፊያ አደረገ፤ ጎንደር አጠገብ ያለው አዘዞም አንዱ ነበር። ደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦር በሰኔ 1933 መጨረሻ እጁን ሲሰጥ ጎንደር ገና አልወደቀም። ለጎንደር የቀሩት ጥቂት አውሮፕላኖችም በኅዳር 1934 ከከተማዋ ጋር ታሪካቸው አበቃ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ለደጋው ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ እያስተዳደረው መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። የካይሮው በረራ ክብሩ ነበር። የአገር ውስጡ በረራ ግን ሕይወቱ ሆነ። ከጦርነት የተረፉት ሲ 47 እና ዲሲ 3 አውሮፕላኖች መንገድ ባልደረሰበት አገር ሁሉ መንገደኛ፣ ፖስታ፣ ቆዳና ቡና ማመላለስ ጀመሩ። የሚያርፉት አስፋልት ላይ አልነበረም። ሣር ላይ፣ የተደለደለ አፈር ላይ፣ ብዙ ጊዜም ማለዳ ከብት በተባረረበት መስክ ላይ ነበር።

ደብረ ታቦርም እንዲህ ያለ ማረፊያ ነበራት፤ በዓለም አቀፉ የአየር ማረፊያ ዝርዝር ውስጥም ዲ ቢ ቲ የሚል መለያ ተሰጥቷት ነበር። የሣር ማረፊያ የራሱ ሕግ አለው። ክረምት ሲገባ ጭቃ ይሆናል። የድሮው የላሊበላ ማረፊያ ክረምቱን ሙሉ ይዘጋ እንደነበር የዘመኑ ጎብኚዎች ያውቃሉ። ይህ የተለወጠው ሽምሸሃ ላይ አስፋልት ከተነጠፈ ወዲህ ነው። በጋም ቢሆን በረራው የጠዋት ነው። ፀሐይ ጠንክራ መሬቱ ሲግል አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጉናን የመሰለ ተራራ በራሱ ላይ ደመና ይሰበስባል። አብራሪው ወንዝ እየተከተለ፣ ጣናን በግራው ወይም በቀኙ እያደረገ፣ በዓይኑ አይቶ ይበርራል። በደመና ውስጥ ልለፍ ያለ ሰው ደመናው ውስጥ ምን እንዳለ የሚነግረው መሣሪያ አልነበረም።

የስስ አየሩን ነገር እዚህ ላይ በደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ቁልፉ እሱ ነውና። ደብረ ታቦር ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው የሚወፍረው። ክንፍ የሚያነሣው አየር ነው፤ አየሩ ከሳሳ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት በበለጠ ፍጥነት መሮጥ አለበት። ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ በአነሰ ጉልበት ወደ በለጠ ፍጥነት መድረስ አለበት፤ ይህም ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለማረፊያ ዲዛይን የሚሰጠው መነሻ ስሌት ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ የማኮብኮቢያው ርዝመት በ7 በመቶ ይጨምር። ባሕር ጠለል ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን ደብረ ታቦር ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ከሩብ ገደማ ይጠይቃል። ሙቀቱ ሲታከልበት ከዚያም ያልፋል። ይህ ሁሉ እንግዲህ አንድም የተራራ ጫፍ ሳይታይ ነው።

አገሩ ይህን የተማረው እየበረረ ነው። በ1949 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ ሆነው መሪውን ያዙ፤ ከዚያ በኋላ አገሩን የሚያውቁ ሰዎች በየዓመቱ በዙ። አገሩን ማወቅ ግን ሁልጊዜ አላዳነም። ሐምሌ 1952 ከቡልቂ ወደ ጅማ ይበር የነበረ ዲሲ 3 ከተራራ ጋር ተጋጨ፤ ከ11 ሰዎች አንድ ሞተ። በዓመቱ፣ ጳጉሜን ሊገባ ሲል፣ ሌላ ዲሲ 3 ሰንዳፋ ላይ ወድቆ አምስት ሰዎች አለቁ። ሁለቱም የደረሱት በክረምት መሆኑን ልብ ይሏል። ንጉሣዊው መንግሥት አልፎ ደርግ ሲመጣ የዲሲ 3 ዘመንም እየተገባደደ ነበር። በሰባዎቹ ዓመታት ውስጥ በአጭር ሜዳ የሚነሡትና የሚያርፉት ትዊን ኦተሮች የገጠሩን በረራ ተረከቡ፤ በትልልቆቹ ከተሞች መሀል ደግሞ ጄት ገባ።

ከጄቶቹ አንዱ በ1980 የገባ ቦይንግ 737 ነበር። የ1981 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ካለፈ አምስት ቀን እንኳ አልሞላውም። መስከረም 5 ቀን የበረራ ቁጥር 604 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳር አረፈ፤ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ አሥመራ ነበር። በኤርትራ በነበረው ጦርነት የተነሣ የሰሜኑ የመኪና መንገድ አስጊ ስለነበር የአሥመራ በረራ ወንበር ተፈላጊ ነበር። በአውሮፕላኑ ውስጥ 98 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች ነበሩ። ሰማዩ ብሩህ፣ ሜዳው ለምለም ነው። ባሕር ዳር ላይ አብራሪን የሚያስፈራ ተራራ የለም፤ በአንድ በኩል ጣና፣ በሌላው በኩል ሜዳ። በአገሪቱ ካሉ ማረፊያዎች የዋሁን ምረጥ የተባለ ሰው ባሕር ዳርን ከመጀመሪያዎቹ ሊያስቀምጥ ይችላል።

አውሮፕላኑ ተንደርድሮ አፍንጫውን ሲያነሣ ከፊቱ የርግብ መንጋ ተነሣ። በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያና በየመጋዘኑ ክዳን ሥር የምናያት፣ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ ዓይኗን ቀይ ቀለበት የከበባት ያቺው ርግብ ናት። አንዷ ብትመዘን ግማሽ ኪሎ አትሞላም። መንጋው ግን በሁለቱም ሞተሮች ገባ።

የሁለት ሞተር አውሮፕላን እምነቱ የተመሠረተው በአንድ ስሌት ላይ ነው፦ አንደኛው ቢጠፋ ሁለተኛው ያደርሳል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ በተለያየ ምክንያት የመጥፋታቸው ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ርግብ ግን አንድ ምክንያት ናት፤ ለሁለቱም በአንድ ቅጽበት ትደርሳለች። ለመቆም የሚያስችለው ፍጥነት ስለታለፈ ማኮብኮቢያው ላይ ፍሬን መያዝ አይቻልም ነበር። አብራሪዎቹ ተነሡ፤ ወዲያውም ወደ ማረፊያው ለመመለስ መዞር ጀመሩ። ሞተሮቹ እንደ ተኩስ እየጮኹ አውሮፕላኑን ጥቂት መቶ ሜትር ከፍ አደረጉት። ከዚያ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላውም በመመለሻው ላይ ጉልበታቸውን አጡ። ማኮብኮቢያው ሩቅ አልነበረም፤ ግን ያለ ሞተር የሚደረስበት አልሆነም። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳያወጣ በሆዱ ሜዳ ላይ አረፈ፤ ተሰበረ፤ እሳት ተነሣበት።

35 ሰዎች ሞቱ። 69 ተረፉ።

እዚህ ላይ ተራራው የለም ያልን ከሆነ ተሳስተናል። ባሕር ዳር ሜዳ ትሁን እንጂ 1,820 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሜዳ ናት። በዚያ ከፍታ የሚነሣ አውሮፕላን ጂቡቲ ላይ ከሚነሣው መሰሉ በአሥር በመቶ ገደማ የበለጠ ይፈጥናል። የግጭት ጉልበት ደግሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሆነ ያቺው ርግብ የምታሳርፈው ምት በሃያ በመቶ ገደማ ይከብዳል። መንደርደሪያውም ስለሚረዝም አውሮፕላኑ ወፍ በሚበዛበት መሬት አጠገብ የሚቆየው ርቀት ይረዝማል። ለመውጣት የሚቀረው የሞተር ትርፍ ጉልበትም ያንኑ ያህል ይመነምናል። ተራራ በእጅ አዙር ያልኩት ይህን ነው። ድንጋዩን ማንም ያያል፣ በካርታም ላይ አለ። ስስ አየሩን ግን የሚያየው የአፈጻጸም ሠንጠረዥ የከፈተ ሰው ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ጥር 2001፣ ኒው ዮርክ ላይ አንድ ኤርባስ ከዝይ መንጋ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱን ሞተሮች አጣ፤ ሃድሰን ወንዝ ላይ አርፎ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ፊልም ተሠራለት፤ አብራሪው በዓለም ታወቀ፤ የእኛም ልጆች ታሪኩን ያውቁታል። የባሕር ዳሩን ግን ከጎጃምና ከጎንደር ውጪ የሚያስታውሰው ስንቱ ነው? የባሕር ዳሮቹ ከፍታቸው ያነሰ፣ አየራቸው የሳሳ ነበር። ከሦስት ሰው ሁለቱ በሕይወት መውጣታቸው ከሃድሰን ያነሰ ነገር አይመስለኝም።

ገና ዓመት ሳይሞላ ተራራው ራሱ መጣ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 የአሜሪካ የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን የያዘ ትዊን ኦተር ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ተነሣ፤ አልደረሰም። ሌላንድ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ኢትዮጵያን ደጋግመው የጎበኙ፣ በእርዳታው ብዙ የደከሙ ሰው ነበሩ። ደርግና አሜሪካ ዓይንና ናጫ በነበሩበት በዚያ ዘመን የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሰማይ ፍለጋ እንዲያካሂዱ ተፈቀደ። የአውሮፕላኑ ስብርባሪ በስድስተኛው ቀን በምዕራቡ አገር ተራራ ወገብ ላይ ተገኘ፤ 16ቱም ሞተዋል። ሞተሩ አልጠፋ፣ ክንፉ አልተሰበረ፤ በክረምት ደመና ውስጥ የሚበር ደህና አውሮፕላን ከፊቱ ያለውን መሬት አላየውም።

በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው የፈጀው አደጋ ይኸው ዓይነት ነበር። መድኃኒቱን ያመጣው ካናዳዊው መሐንዲስ ዶን ባትማን ነው። የመጀመሪያው መሣሪያው በሬዲዮ ሞገድ ወደ ታች እየለካ መሬት ሲቀርብ ያስጠነቅቃል፤ ግን ቁልቁል ብቻ ስለሚያይ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ለሚቆም ገደል አይሆንም። ጉና ዙሪያ ያለው መሬት እንዲህ ያለ ነው፤ አንዱ ሸለቆ አልቆ ሌላው ግድግዳ ሳይታሰብ ይነሣል። ፊት ለፊት ለማየት የመላው ዓለም የከፍታ ካርታ በአውሮፕላኑ ኮምፒውተር ውስጥ መኖር ነበረበት። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ወታደሮቿ ያነሡት የዓለም ካርታ ገበያ ወጣ፤ ባትማን አሠሪዎቹን አሳምኖ ካርታውን አስገዛ። ቀዝቃዛው ጦርነት ለቦምብ ያዘጋጀው ካርታ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አብራሪዎችን ከተራራ መጠበቅ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በተገጠመላቸው የመንገደኛ ጄቶች ላይ ያ ዓይነት አደጋ ብርቅ ሆኗል።

ለርግብ ግን እንዲህ ያለ ሳጥን አልተገኘም። ሐምሌ 18 ቀን 1982 ቦሌ ላይ ለመነሣት የሚንደረደር ቦይንግ 707 የጭነት አውሮፕላን ከወፎች ጋር ተጋጨ፤ አብራሪዎቹ መነሣቱን ትተው ለማቆም ሞከሩ፤ አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያውን አልፎ ሄደ። ሠራተኞቹ ሁሉ ተረፉ፤ አውሮፕላኑ ግን ከአገልግሎት ወጣ። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ስስ አየር፣ ረጅም መንደርደሪያ፣ የክረምት ሣር፣ ወፍ፤ የባሕር ዳሩ ድምር ነው።

ወፍን የሚያርቀው የምድር ሥራ ነው። ሣሩን በተገቢው ቁመት ማጨድ፣ ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ መድፈን፣ የእህል ፍርፋሪ የሚፈስበትን መጋዘን ማራቅ፣ በፍንዳታ ድምፅ ወይም በርችት ማባረር። የዓለም አቀፉ ድርጅት መመሪያ የቆሻሻ መጣያ ከማረፊያ 13 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንዳይሆን ይመክራል። በፍጥነት በምትሰፋ የደጋ ከተማ 13 ኪሎ ሜትር ማለት ከተማዋ ሁሉና ከዚያም አልፎ ነው። ስለዚህ የማዘጋጃ ቤቱ ቆሻሻ ሰብሳቢ መኪና ሾፌር፣ የቄራው ሠራተኛ፣ የመጋዘኑ ዘበኛ ሳያውቁት የበረራ ደኅንነት ሠራተኞች ናቸው። ለዚህ ሥራ ግን ሜዳሊያ ሲሰጥ አይተን አናውቅም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ከጠዋቱ 2፡38 ላይ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ 157 ሰዎች ሞቱ። ከአራት ወር ተኩል ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው የገደለው መሰሉ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ምክንያቱ ተራራም አልነበረም፣ ደመናም አልነበረም። በአፍንጫው ግራ በኩል ያለችው የአየር ማዕዘን መለኪያ ከተነሣ ወዲያውኑ የተሳሳተ ንባብ ሰጠች፤ አብራሪዎቹ በበቂ ሁኔታ ያልተነገራቸው ሶፍትዌር ያንን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ቁልቁል ደፋው። አውሮፕላኑ በየአገሩ ከበረራ ታገደ፤ ጥፋቱ የዲዛይኑ መሆኑንም ዓለም ተቀበለ።

የመጨረሻው የምርመራ ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ሲወጣ ግን አንድ ክርክር አብሮት መጣ። መለኪያዋን ምን አበላሻት? የኢትዮጵያ መርማሪዎች ከአሠራር ጉድለት የመጣ የኤሌክትሪክ ችግር ነው አሉ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች አልተስማሙም፤ የንባቡ አዘላለል ወፍ የመታው ነው የሚያሰኘው አሉ። ሁለቱም ወገን ዛሬም በያዘው አለ። ወፍ ቢሆንም ባይሆንም የአንዲት መለኪያ ስህተት አውሮፕላን ሊጥል አይገባም ነበር፤ የቦይንግ ተጠያቂነትም በዚህ አይቀንስም። ቢሆንም በ1981 ባሕር ዳር ላይ ሁለት ሞተር ያጠፋች ወፍ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቦሌ ላይ ደግሞ በክርክሩ መሀል ስሟ ተነሥቷል።

ደብረ ታቦር ዛሬ መደበኛ በረራ የላትም። ወደ አዲስ አበባ በአየር መሄድ የሚፈልግ የከተማው ሰው በወረታ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ባሕር ዳር ይሳፈራል። የሚሳፈረው ብዙ ጊዜ ቦምባርዲየር ኪው 400 ላይ ነው፤ ሰፊ ፕሮፔለር ያለው፣ ለደጋ ማረፊያ የሚስማማ አውሮፕላን። በኅዳር 2013 የትግራዩ ጦርነት ሮኬት የባሕር ዳርንና የጎንደርን ማረፊያ ሲመታ፣ በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል በረራ ሲቋረጥ ይህም ጉዞ ቆሞ ነበር።

አንድ ቀን ለከተማዋ ዘመናዊ ማረፊያ ቢታሰብ የመጀመሪያው ሥራ የማኮብኮቢያውን ርዝመት ባሕር ዳር ካለው ገልብጦ አለመቅዳት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል መነሻው ላይ አርባ ሁለት በመቶ ገደማ የሚጨምር ከሆነ ደብረ ታቦር ስልሳ ሦስት ይጨምራል። የጉና ወገን የሚነሣበት ሳይሆን የሚራቅበት አቅጣጫ መሆን ይኖርበታል። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ደመና የቀኑን የበረራ ሰዓት ይወስናል። ቄራውና ቆሻሻ መጣያው የት እንደሚሆኑም ማኮብኮቢያው ከመጠረጉ በፊት ማዘጋጃ ቤቱ ቢነግራቸው ለመሐንዲሶቹ ሥራ ይቀልላቸዋል።